ተፈጥሮን ሳንጎዳ እረፍታችንን እንዴት እናሳልፍ?

እባካችሁ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ጫካና ሐይቅ ያለበት ቦታ አንድ ሳምንት ማሳለፍ እንፈልጋለን። ግን የምንወደውን ተፈጥሮ ራሳችን እንዳንጎዳው እሰጋለሁ።

መጓጓዣው ብዙም አላስቸገረኝም። አውሮፕላኑን ትተን በባቡር እንሄዳለን፤ በአንድ ሰው ሲሰላ የሚለቀው ካርቦን በጣም ያነሰ ነው።

የከበደኝ ማረፊያው ነው። ሁሉም ሎጅ «ኢኮ ነኝ»፣ ማለትም ተፈጥሮን አልጎዳም፣ ይላል። ባለፈው ዓመት አንዱን አምነን ሄድን። ፍሳሹ ግን በቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። በጣም አዘንኩ። ታዲያ ዘንድሮ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ስለ ፍሳሹ፣ ስለ ኃይል ምንጫቸው፣ ሠራተኞቹ የአካባቢው ሰዎች ስለመሆናቸው ለመጠየቅ አስቤያለሁ። የቀረኝ ነገር አለ? መልሳቸው እውነት መሆኑንስ በምን ልወቅ?

ካልሆነ ድንኳን እንተክላለን። ሳሙና፣ በቶሎ ይበሰብሳል የሚባለውም ቢሆን፣ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ መጠቀም እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን ከልጆች ጋር ይሄ እንዴት ይሆናል? ትንሹ ገና 4 ዓመቱ ነው፤ ውሃ ካየ የሚይዘው የለም። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።