ለአነስተኛ የሰርቨር ክትትል ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይበቃል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ማምረቻ ድርጅት የአይቲ ክፍል ውስጥ ነው። የደሴውን ቅርንጫፍ ጨምሮ 12 የሊኑክስ ሰርቨሮች አሉን፤ ዲስክ መሙላቱን ወይም አገልግሎት መቆሙን የምናውቀው ግን ሠራተኛ ደውሎ ሲነግረን ነው። ስለዚህ የሰርቨሮችን ሁኔታ በየጊዜው እየለካ የሚመዘግበውን ፕሮሚቲየስንና መረጃውን በግራፍ የሚያሳየውን ግራፋናን ለመጫን አስበናል። በእጃችን ያለው 4 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። የ3 ወር መረጃ ለመያዝ ይበቃል ወይስ አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ ልጠይቅ?

ጦሳ (ደሴ)፦
ግዢ ከመጠየቅዎ በፊት ስሌቱን ይመልከቱት። ኖድ ኤክስፖርተር (በየሰርቨሩ ተጭኖ መለኪያዎቹን ለፕሮሚቲየስ የሚያቀርበው ፕሮግራም) ከአንድ ማሽን የሚያወጣቸው መለኪያዎች ብዛት እንደ ማሽኑ ቢለያይም 1,000 ያህል ብለን ብንይዝ፣ ለ12ቱ 12,000 ይሆናል፤ በየ15 ሰከንዱ ሲነበብ ደግሞ በሰከንድ 800 ንባብ ማለት ነው። ፕሮሚቲየስ አንዱን ንባብ በአማካይ ከ1 እስከ 2 ባይት ውስጥ ስለሚያስቀምጠው፣ ከፍተኛውን ብንወስድ እንኳ በቀን 138 ሜጋባይት፣ በ90 ቀን 12.5 ጊጋባይት ገደማ ነው። ካልቀየሩት መረጃ የሚያቆየው ለ15 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ቅንብር ከመጀመሪያው ወደ 90 ቀን ያድርጉት። ለዚህ ሥራ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ ፕሮሰሰሩም አያሳስብም። የሚያሰጋኝ ያረጀው ሃርድ ዲስክ ነውና በ240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ዲስክ) ይተኩት።

አዝዋ (ደሴ)፦
በስሌቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በእኛ አካባቢ ክትትሉን የሚያከሽፈው ከራም ማነስ ይልቅ የመብራት መቆራረጥ ነው። ዴስክቶፑ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሆኖ ራውተሩና የኔትወርክ ስዊቹ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ከተሰኩ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ችግሩን እያየ ማስጠንቀቂያው ከግቢ ሳይወጣ ይቀራል። ሦስቱንም ዩፒኤስ ላይ ያድርጓቸው፤ ከተቻለም ሲም ካርድ የሚቀበል የዩኤስቢ ሞደም ጨምረው መልእክቱ በኤስኤምኤስ እንዲደርስ ያድርጉ።

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብተው መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ ያስተካክሉ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለውን፣ ዛሬውኑ ይቀይሯት፤ እሷ ከደከመች መብራት በጠፋ ቁጥር ይህ ቅንብር ይሰረዛል፣ ሰዓቱም ወደኋላ ይመለሳል፤ ሰዓቱ ከተዛባ ደግሞ የተመዘገበው መረጃ ሁሉ አይታመንም።

ክትትሉን ከ12ቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ፈጽሞ አይጫኑት፤ ያ ሰርቨር ሲወድቅ የሚናገርለት አይኖርም። ዴስክቶፑ ራሱ መሥራቱንም ከደሴው ቅርንጫፍ ሌላ ትንሽ ማሽን ይከታተለው።

ቦርከና፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለደሴው በኤስዲ ካርድ የሚሠራ ራዝቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይሆናል?

አዝዋ፦
የኮምቦልቻው ማሽን መልስ መስጠቱን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ይሆናል። መረጃ የሚያከማች ከሆነ ግን መረጃ ያለማቋረጥ መጻፉ ካርዱን ስለሚጨርሰው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ኤስኤስዲ ያድርጉለት።