ጉልት ነው ወይስ ርስት? መስቀለኛ ቃላት የምትወዱ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ከአባዬ ጋር አንድ መስቀለኛ ቃላት ይዘናል። ጭብጡ የድሮው የባላባት ሥርዓትና ጸሎት ነው።

ብዙውን ሞልተነዋል። «የቀኝ ጦር አዛዥ» ቀኛዝማች ነው። ኛ ላይ የሚያቋርጠው «የሰው መሬት የሚያርስ» ደግሞ ጭሰኛ ሆነ። ገባርም ሦስት ፊደል ነው፤ ግን ኛ የለውም።

የቸገረን ቀኝ ታች ጥጉ ነው። አግድም 12፦ «የመኳንንት የመሬት መብት»፣ ሦስት ፊደል። ቁልቁል 9፦ «የሌሊት ጸሎት»፣ አራት ፊደል። ሁለቱ የሚገናኙት በመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። ጉልትም ርስትም በት ያልቃሉ። ማኅሌትም ሰዓታትም እንደዚያው! የቀሩትን ሳጥኖች የሚያቋርጥ ሌላ ቃል የለም።

አባዬ ርስት ነው ይላል። እኔ ወደ ጉልት አደላለሁ። ርስት በዘር የሚወረስ ነው፤ በጎጃምና በጎንደር ተራው ገበሬም ርስተኛ ነበር። ጉልት ግን ንጉሡ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ርስተ ጉልት የሚባል፣ ለልጅ የሚተላለፍም ስላለ አባዬን ማሳመን አልቻልኩም።

ጸሎቱ ላይ ግን እኔም መወሰን አቃተኝ። ማኅሌት በከበሮና በጸናጽል የሚቆም ስለሆነ ወደ ዝማሬ ያደላብኛል። ሰዓታት፣ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱት የሚባለው፣ የቀንም የሌሊትም አለው። ታዲያ ፍንጩ ለምን «የሌሊት» ብቻ አለ?

የአብነት ትምህርት የቀመሳችሁ፣ የመሬት ሥሪት ታሪክ ያነበባችሁ፣ እባካችሁ የትኛውን እንደምትሞሉና ለምን እንደሆነ ንገሩን።