ከክትትል የጠፉ ታካሚዎችን በሰርቫይቫል ትንተና (እስከ ሞት ያለውን ጊዜ በሚያጠና ስሌት) እንዴት እንያዛቸው?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ለማስተርስ ጥናቴ የማኅፀን በር ካንሰር ታካሚዎችን ለስድስት ወራት ተከታትያለሁ። በበርካታ ካርዶች ላይ የመጨረሻው ጽሑፍ «በቀጠሮዋ አልመጣችም» የሚል ነው። አማካሪዬ እነዚህን ሴንሰርድ (እስከ መጨረሻ ቀጠሯቸው ብቻ የታወቁ፣ ከዚያ በኋላ ያልታወቁ) ብዬ በካፕላን ማየር፣ ማለትም በየጊዜው በሕይወት የመቆየትን ዕድል በሚገምተው ዘዴ፣ እንድሠራ ነግረውኛል፤ ይህ ያስኬዳል? የኑሮ ጥራት መጠይቅም በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር አስሞልቼ አማካይ ነጥቡ ከፍ ብሏል፤ ታካሚዎቹ ተሽሏቸዋል ማለት እችላለሁ?

መልስ (የባዮስታቲስቲክስ መምህር)፦
ካፕላንና ማየር በ1958 ያሳተሙት ዘዴ ክትትላቸው በመሃል የተቋረጠ ሰዎችን እንዲይዝ የታሰበ ነው። አሥር ታካሚዎች ይዘው ጀመሩ እንበል፤ በሁለተኛው ወር አንዲት ሞተች፣ በሦስተኛው ሁለት ጠፉ፣ በአራተኛው አንዲት ሞተች። በሕይወት የመቆየት ዕድሉ መጀመሪያ 9/10 ይሆናል፤ በአራተኛው ወር በክትትል ላይ የነበሩት 7 ብቻ ስለሆኑ 6/7 ይሆንና፣ ሁለቱ ሲባዙ 0.77 ገደማ ይሰጣሉ። የጠፉት ሁለቱ በሕይወት ካሉ ግን ትክክለኛው 0.80፣ ሞተው ከሆነ 0.60 ነው። ስሌቱ የጠፋችው ሴት ከቀሩት ጋር እኩል የመሞት አደጋ አለባት ብሎ ይነሣል፤ አልጋ ላይ ውላ መምጣት ያቃታት ሴት ግን እንደዚያ አይደለችም። የኮክስ ሪግሬሽንም (የተለያዩ ነገሮች በመሞት አደጋ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ የሚገምተው ዘዴ) በዚሁ ግምት ላይ ስለቆመ አያድንዎትም። ስለዚህ በስልክና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ያፈላልጓቸው፤ ላልተገኙት ሁለቱን ጽንፎች (ሁሉም በሕይወት አሉ፣ ሁሉም ሞተዋል ብለው) አስልተው ከዋናው ውጤት ጎን ያቅርቡ።

መልስ (የማስታገሻ ሕክምና ነርስ)፦
በስድስተኛው ወር መጠይቁን የሞሉት እነማን ናቸው? በሦስተኛው ወር ዝቅተኛ ነጥብ የነበራቸው ሞተው ከሆነ፣ አንዲትም ታካሚ ሳይሻላት አማካዩ ይጨምራል። በሁለቱም ጊዜ የሞሉትን ለይተው ያነጻጽሩ፤ የሞቱትንም ቁጥር በዚያው ሠንጠረዥ ያስቀምጡ። መጠይቁ ሲነበብላቸው አጠገባቸው ማን እንደነበረም ይመዝግቡ። ባል ወይም አስታማሚ ባለበት ስለ መድማትና ስለ ሽታ ሲጠየቁ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚሉትን፣ ለብቻቸው ሲሆኑ እያለቀሱ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳጣራው በስድስተኛው ወር ያልሞሉት አብዛኞቹ ቀድሞም ዝቅተኛ ነጥብ የነበራቸው ናቸው። መደወልም ጀምሬያለሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቤተሰቦች ሁለቱ እናታቸውን ቀብረዋል። አንደኛው ቀኑን ስጠይቀው «ከመስቀል በኋላ፣ ከጥቅምት ሚካኤል በፊት» አለኝ። ይህን እንዴት ልመዝግበው?

መልስ (የባዮስታቲስቲክስ መምህር)፦
ከመስከረም 17 እስከ ጥቅምት 12 ባለው ጊዜ ውስጥ ብለው ሁለቱንም ቀን ይመዝግቡ። 25 ቀን ስለሆነ መካከለኛውን ቀን መውሰድ ብዙ አያዛባም፤ እንዲህ ያሉት ከበዙ ግን ክስተቱ በሁለት ቀኖች መካከል መሆኑን የሚቀበለውን የትንተና ዘዴ ይጠቀሙ።