ቀብድ ተቀብሎ «ጨምሩ» የሚለንን ዲኮር ሠሪ ምን እናድርገው?

እባካችሁ ምከሩን። እህቴ ጥር ላይ ታገባለች። ለዲኮር ውል ተፈራርመን ቀብድ ከፍለናል። አሁን ሰውየው «አበባ ተወዷል፣ ካልጨመራችሁ አልሠራም፣ ቀብዱም አይመለስም» አለን። ጥርን ታውቁታላችሁ፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተብሎ ሠርጉ ሁሉ ይደራረባል። ሌላ ሰው በቶሎ እንደማናገኝ አውቆ ነው የሚያስጨንቀን። ይሄ በጣም ያናድዳል!

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ውላችን ላይ ይህን የሚቀይር ነገር የለም። ግን ክስ ብንጀምር ሠርጉ ያልፋል። በጠበቃ ማስጠንቀቂያ ጽፎ የተሳካለት አለ? ወይስ በሽማግሌ ይሻላል? ጨምረን ብንከፍልስ፣ በሠርጉ ዋዜማ ድጋሚ እንዳይጠይቀን ምን እናስፈርመው?

ቪዲዮ ቀራጭም ገና አልያዝንም። የአንዱን ሥራ አሳይተው በዕለቱ ሌላ ልጅ የሚልኩ እንዳሉ እየሰማን ነው። የሚቀርጸው ሰው ስምና የማስረከቢያው ቀን ውሉ ላይ እንዲሰፍር ጠይቃችሁ እሺ ያሏችሁ አሉ? ቀሪው ክፍያስ ሥራው ሲያልቅ ቢሆን ይስማማሉ? እናቴ እንቅልፍ አጥታለች፤ የምታውቁትን ንገሩን።