ደብተሬ 100 ይላል፣ ጌሙ 97 ይላል፦ ሳን አንድሪያስን 100 ፐርሰንት የጨረሳችሁ እርዱኝ

የጎፋው ሲጄ

ሰላም ጌመሮች። ጥያቄዬ አጭር ናት፣ ታሪኳ ግን ረዘም ይላል። ቡና ያላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን በፕሌይስቴሽን 2 ላይ 100 ፐርሰንት ልጨርስ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ያለ ምንም ኮድ፣ እስከ መስከረም 1። በሚሊኒየሙ ዓመት 8ኛ ክፍል ነበርኩ። ሰፈራችን ጌም ቤት እየሄድኩ፣ ከምሳ ሳንቲሜ እየቀነስኩ፣ የጨዋታው ሦስተኛ ከተማ ላስ ቬንቹራስ ድረስ ደርሼ ነበር። ሚሞሪ ካርዱ የቤቱ ነው፤ ሁላችንም እሱ ላይ ነበር ሴቭ የምናደርገው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስገባ የኔ ሴቭ ላይ ሌላ ልጅ የራሱን ደርቦበታል። ከፍቼ ሳየው ጨዋታው ገና መጀመሪያ ላይ ነው፣ የሲጄ ጓደኛ ቢግ ስሞክ መኪና ውስጥ ሆኖ ምግብ የሚያዝበት ቦታ ነው። አላለቀስኩም። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው።

አሁን ሚስት አለችኝ፣ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ሥራዬ ሂሳብ ነው። በየወሩ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከባንክ ሂሳብ ጋር የማስታርቅ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ቀጥሎ የማወራው እንዲያሳፍረኝ ነው።

ያገለገለ ፒኤስ 2 ገዛሁ። ባለካሬ ደብተር ገዛሁ። ለያንዳንዱ ነገር አንድ ገጽ ሰጠሁት። የመኪና ትምህርት ቤት 12 ፈተና፣ የአውሮፕላን 10፣ የሞተር 6፣ የጀልባ 5። ወደብ ላይ ተወስደው የሚሸጡት 30 መኪኖች፣ በሦስት ዝርዝር አሥር አሥር። ሎስ ሳንቶስ ግድግዳዎች ላይ ባሉ የሌላ ጋንግ ጽሑፎች ላይ የሚቀቡት 100 ታጎች። ሳን ፊየሮ ውስጥ 50 ፎቶ፣ ላስ ቬንቹራስ ውስጥ 50 የፈረስ ጫማ፣ ውኃ ውስጥ 50 ኦይስተር። ለታጎቹ ቁጥር ያለበት ካርታ ፎቶ ኮፒ ቤት በትልቅ ወረቀት በቀለም አስወጥቼ ደብተሩ ውስጥ አጠፍኩት። አንዱን ስቀባ እዚያው በእስክርቢቶ ራይት አደርጋለሁ። ማታ ማታ ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ "ባባ ቀባ!" ትላለች፣ እኔም ራይት አደርጋለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ራይት ሆነ። የመጨረሻውን ስቀባ ስክሪኑ "97 ከ100" አለኝ።

ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ይህ ጨዋታ ራሱ ሴቭ አያደርግም፣ ቤት ሄደህ ነው የምታደርገው። እኔ ቀባሁ፣ ራይት አደረግኩ፣ ወደ ቤት ሳልመለስ መብራት ሄደ። ጨዋታው ረሳ፣ ደብተሩ አልረሳም። ክረምት ነው፣ መብራት ስንት ጊዜ እንደሄደ እግዜር ይወቀው። ታዲያ ሦስቱ የትኞቹ ናቸው? ቀን አልጻፍኩም። የሂሳብ ሠራተኛ ቀን ሳይጽፍ መዘገበ!

100ውንም እየዞርኩ ልይ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? ደግሞ በሽተኛ ሆስፒታል ስለሚያደርሰው የአምቡላንስ ሚሽን የሚያውቅ ካለ። 12ቱን ደረጃ ባንድ መቀመጫ መጨረስ አለብኝ። 11ኛው ላይ ደርሼ መብራት ሄደብኝ። ጨለማ ውስጥ ጆይስቲክ ይዤ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አልነግራችሁም።

ናቲ 22

ብሮ ለምን ራስህን ታሰቃያለህ? በ2021 እ.ኤ.አ. አዲሱ ቅጂ ወጥቷል እኮ። ሚሽን ብትወድቅ እዚያው ያስደግምሃል፣ ዋንጫውን ራሱ ይቆጥርልሃል። ደብተር ምናምን የድሮ ሰው ነገር ነው። ከፈለግህ ዩቲዩብ ላይ 100ውንም ታግ በተርታ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል፣ እያየህ ዙር።

ሜሪ ዘ ሐዋሳ

ናቲ፣ ሰውየው ደብተሩን ነው የወደደው፣ ተወው።

ሲጄ፣ ችግርህ መብራት አይመስለኝም። አንድ ዓምድ ጎድሎሃል። እኔ ዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ የሚባለውን ጌም በኤክሴል ነው የምከታተለው፤ የምጫወተው እህቴ ከቨርጂኒያ በላከችልኝ ኔንቲዶ ስዊች ነው። 120ዎቹን ሽራይኖች (የፈተና ቤቶች) ጨርሻለሁ። አሁን ኮሮክ የሚባሉትን 900 የተደበቁ ትናንሽ ፍጥረታት ፍለጋ ላይ ነኝ፣ 412 ደርሻለሁ። (ሁሉንም ለጨረሰ የሚሰጠው ሽልማት ምን እንደሆነ ስታውቁ ትስቃላችሁ። ወርቃማ የእበት ቁልል የሚመስል ነገር ነው። እውነቴን ነው። እኔ ግን አላቆምም።)

መጀመሪያ እንዳንተው "ተገኘ" የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነበረኝ። አንዴ ከከፍታ ወድቄ ሞትኩና የቀደመ ሴቭ ከፈትኩ። ሰባት ኮሮክ ወረቀቴ ላይ አለ፣ ጨዋታው ውስጥ የለም። ከዚያ ወዲህ "ተገኘ" እና "ሴቭ ሆነ" ብዬ ለያየሁት። በእርሳስ ነጥብ አድርግ፣ ሴቭ ካደረግህ በኋላ በእስክርቢቶ ድገመው። መብራት ከሄደ እርሳሱን ታጠፋለህ፣ አለቀ።

ላለፈው ግን አይረዳህም፣ ይቅርታ።

ጋሽ ጌም ቤት

እኔ ከ1998 እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ጌም ቤት ነበረኝ፣ አራት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፒኤስ 2፣ አንድ ሁልጊዜ የሚበላሽ ጄኔሬተር። ልጄ፣ ያ ሴቭህን ያጠፋብህ ልጅ እኔ ቤት ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። የት እንደሆነ አልጠይቅህም።

ኋላ ላይ እየተማርኩ ስሄድ ለደንበኛ ልጆች የየራሳቸው ሚሞሪ ካርድ እንዲያመጡ አደረግኩ። ፕላስተር ለጥፌ ስም እጽፍበት ነበር። አንድ ፌስታል ሙሉ ሚሞሪ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ነበረኝ። 8 ሜጋ ናት እያንዳንዷ። ዛሬ አንድ ፎቶ አይይዝም፣ ያኔ የልጁ ዓመት ሙሉ ድካም እዚያ ውስጥ ነበር። ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ እናት መጥታ ያችን ካርድ ይዛበት የሄደች ጊዜ ልጁ ያሳየው ፊት ዛሬም ይታየኛል።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። 100ውን አትዙር። ሰው ታግ ሲቀባ በሰፈር ነው የሚሄደው፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አይዘልም። ስለዚህ የጠፉት ጎን ለጎን ናቸው። መብራት የሄደበትን ቀን ለማስታወስ አትሞክር። የት ሰፈር እያለህ እንደሄደ አስታውስ። ሰው ቀን ይረሳል፣ ቦታ አይረሳም።

እዚያ ስትደርስ ዝም ብለህ ግድግዳውን እይ። የቀባኸው አረንጓዴ የግሮቭ፣ የሲጄ ጋንግ ጽሑፍ ሆኖ ይቆያል። ያልቀባኸው እንደ ባላስና ቫጎስ ያሉ የሌሎች ጋንጎች እንደሆነ ነው። ጣሪያ ላይና ከድልድይ ሥር ያሉትን አትርሳ። ታግ ስለሆነ ተመስገን በል። ኦይስተር ቢሆን ኖሮ የወሰድከውም ያልወሰድከውም ቦታ ውኃ ብቻ ነው የሚታየው፣ እስክትጠልቅ ድረስ።

ሴቩን በሁለት ቦታ እያፈራረቅህ አድርግ፣ ጨዋታው 8 የሴቭ ቦታ አለው። ሴቭ እያደረገ እያለ መብራት ከሄደ ያ ሴቭ ሊበላሽ ይችላል፣ ብዙ አይቻለሁ። ሁለተኛ ሚሞሪ ካርድም ካገኘህ ገልብጠህ አስቀምጥ።

አምቡላንሱን ሎስ ሳንቶስ ውስጥ ከሆነ የሞከርከው ተሳስተሃል። ኤንጅል ፓይን ሂድ። ትንሽ ከተማ ናት፣ መንገዷ ባዶ ነው፣ በሽተኞቹም ሩቅ አይሆኑም። አንደኛው ደረጃ ላይ አንድ በሽተኛ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እንዲህ እያለ 12ኛው ላይ 12። ደምረው፣ የሂሳብ ሰው አይደለህም? 78 ሰው ነው። አትሩጥ። ከሚሞተው በሽተኛ የሚበልጠው የሚሞተው በአሽከርካሪው ጥድፊያ ነው።

የጎፋው ሲጄ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የእርስዎ ቤት አልነበረም፣ የኛው ባለቤት ፕላስተር የሚለጥፍ ሰው አልነበረም። ዕድሜ ይስጥዎት።

ናቲ፣ አዲሱን አውቀዋለሁ፣ የወንድሜ ልጅ አለው። ግን እኔ የምጨርሰው ያን ያጣሁትን ነው፣ ገባህ? ስክሪኑ ራሱ ደብዛዛ ካልሆነ አይጥመኝም።

ሜሪ፣ እርሳስ ገዝቻለሁ። ሥራ ቦታ ሦስት ፓኬት እርሳስ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ ለዚህ ሌላ መግዛቴ ራሱ አሳቀኝ።

"የት ሰፈር" ያሉት ነገር ማታውን ሲመላለስብኝ አደረ። መብራት ብዙ ጊዜ ሄዷል፣ አንዱ ግን ትዝ አለኝ። ኃይለኛ ዝናብ ነበር፣ ጎረቤታችን ሻማ ልትዋስ መጥታ በሩን እያንኳኳች ነበር፣ እኔ ደግሞ ቀለሙን እየረጨሁ ሳለ ነው ድርግም ያለው። ክሬኖች ይታዩ ነበር። ክሬን ካለ ወደቡ ነው፣ ኦሽን ዶክስ። ዛሬ ማታ ልጅ ስትተኛ እሄዳለሁ።

ናቲ 22

ሲጄ፣ እሺ ደብተሩን ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን ቢያንስ። እኔ አምስት ጨዋታ በአንድ ዓመት ልጨርስ ብዬ ጀምሬ ስልኬ ኖት ላይ ነው የጻፍኩት። ስልኩ ተሰረቀ። አሁን የቱን እንደጨረስኩ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም ሃሃሃ።

ሜሪ ዘ ሐዋሳ

ናቲ "የድሮ ሰው ነገር" ያልከው ደብተር አልተሰረቀም አይደል?

ሲጄ ምን ሆንክ? ሁለት ቀን ጠፋህ።

የጎፋው ሲጄ

ይቅርታ፣ የበጀት መዝጊያ ላይ ነን፣ ቢሮ እያመሸሁ ነው።

ኦሽን ዶክስ ሄድኩ። ሁለቱ እዚያ ናቸው! የሌላ ጋንግ ጽሑፍ እንዳለ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀባሁ፣ 98፣ 99። ቀጥ ብዬ ግሮቭ ስትሪት ሄጄ ሴቭ አደረግኩ። መንገድ ላይ ፖሊስ ገጭቼ ነበር፣ እንዴት እንደተጨነቅኩ። ሴቭ ካደረግኩ በኋላ ነው እስክርቢቶ የነካሁት።

ሦስተኛው ግን የለም። ወደቡን በሙሉ ዞርኩ። ዊሎውፊልድን ዞርኩ። ጋሼ "ጎን ለጎን ናቸው" ብለው ነበርና ተስፋ ቆረጥኩ። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መብራት አቅርቤ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ፣ ልክ ቢሮ ያልታረቀ ሂሳብ ሲያጋጥመኝ እንደማደርገው።

ላስ ኮሊናስ ላይ አንዱ ራይት የኔ አይደለም።

የኔ ራይት ትንሽ ናት፣ ጅራቷ ወደ ቀኝ ይወጣል። ይቺ ትልቅ ናት፣ ጅራቷ ወደ ግራ ነው፣ ደግሞ እየተንቀጠቀጠች ነው የተጻፈችው። እስክርቢቶው የኔው ነው። ልጄን ጠዋት ጠራኋትና "ይቺን ማን አደረጋት?" አልኳት። "ባባ ቀባ፣ እኔም ቀባሁ" አለችኝ፣ ኩራቷ ሌላ ነው። እናቷ ኩሽና ውስጥ ሆና እስክታስላት ሳቀች።

ላስ ኮሊናስ ሄድኩ። እውነትም አልተቀባም። መቼም ቀብቼው አላውቅም። ስክሪኑ 100 ሲል ልጄን ቀስቅሼ ላሳያት ፈልጌ ነበር፣ ሚስቴ ከለከለችኝ። ልክ ነበረች፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።

ለሷ የራሷን ገጽ ከደብተሩ ጀርባ ከፍቼላታለሁ። እስካሁን 43 ራይት አላት፣ ለምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ጋሽ ጌም ቤት

ጎን ለጎን ናቸው ያልኩት አባት ለቀባው ነው። ልጅ በፈለገችበት ትቀባለች። አምቡላንሱስ?

የጎፋው ሲጄ

እሁድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጋሼ፣ ኤንጅል ፓይን። በዚያ ሰዓት መብራት ሄዶብኝ አያውቅም። ሁለት ሴቭ አድርጌያለሁ፣ እርሳሱን ቀርጫለሁ፣ ደብተሩን ደግሞ ፍሪጅ አናት ላይ ነው የማሳድረው።