ከጦሳ ሥር እስከ ኮምቦልቻ በሳይክል፦ ንፋስ፣ ፍሬንና ዋልካ

ሳላይሽ_29፦
ሰላም ጀማው። ጥቅምት ላይ ደሴ ውስጥ በጦሳ ተራራ በኩል ባሉት የባህር ዛፍ ውስጥ መንገዶችና ወደ ኮምቦልቻ በሚወርዱት የእግር መንገዶች መንዳት አስቤያለሁ። ሳይክሉ 29 ኢንች፣ ሾኩ ከፊት ብቻ፣ ጎማው 2.25 ባለ ከመነዳሪ፣ ፍሬኑ የሺማኖ የዘይት ዲስክ ነው። ክብደቴ 75 ኪሎ። ስንት ልንፋው? ፍሬኑስ ቁልቁለቱን ይችላል? ዝናብ ካባራ ከስንት ቀን በኋላ ነው መንገዱ የሚነዳው?

ቧንቧ_ውሃ፦
ቀን አትቁጠር፣ አፈሩን እይ። ተዳፋቱ ላይ ያለው ድንጋያማ መንገድ ዝናብ ባባራ ማግስት ይነዳል። ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ ግን ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ሆኖ ይሸውዳል። ትንሽ ቆፈር አድርገህ ቆንጥርና በመዳፍህ አድቦልቡለው፤ ሳይሰነጠቅ ቀጥኖ ከተጠቀለለ በሌላ መንገድ ሂድ። ዋልካ በጎማውና በሹካው መካከል ሞልቶ ቸርኬውን ያቆመዋል። ሰው ያኔ ፔዳሉን በጉልበት ይረግጣል፤ ካቴናው የኋላ ማርሹን ጎትቶ ራጂው (የቸርኬው ሽቦዎች) ውስጥ ይከተውና የተሰቀለበት ብረት ይሰበራል። ያ ብረት ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የራስህን ትርፍ ያዝ። ጭቃው ሲይዝህ ወርደህ በእንጨት ፋቀው።

ባህር ዛፉ ሌላ ጣጣ አለው። ደረቅ ቅጠሉ ሥሮቹን ይሸፍናል፤ ጠንካራው ፍሬ ደግሞ ደረቅ መሬት ላይ እንደ ብይ ይንከባለላል። ፍጥነትህን ኩርባው ሳይደርስ ቀንስ። ኩርባው ውስጥ የፊቱን ፍሬን ከያዝክ መሬት ነህ።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ይቅርብህ። ገበያተኛው ከነአህያው ወደ ደሴ የሚገባው በእነዚሁ እግር መንገዶች ነው። ካጋጠመህ ውረድ፣ ሰላምታ ስጥ፣ በዳገቱ በኩል ቁም፤ በገደሉ በኩል ከቆምክ ጭነቱ ይገፋሃል።

ጎሚስታው፦
ከፊት 28፣ ከኋላ 31 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጀምር። ከዚያ ብዙ ካወረድከው ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል። ሁለት ካየህ ንፋስ ጨምር፤ አንድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እሾህ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስትጠጋ የግራር እሾህ አለ። ከመነዳሪ ከመቀየርህ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረግ፤ እሾሁ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። ያንን የዘለለ ሰው አዲሱንም ወዲያው ይበሳዋል። ስትለጥፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ ማስቲሹን ቀብተህ እስኪደርቅ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቅ። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ አይይዝም።

ደሴ ወደ 2,500፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው። «ከፍታው ንፋሱን ይለውጠዋል» የሚሉህን አትስማ፤ ልዩነቱ መለኪያው ላይ 1 ፒኤስአይ ያህል ነው። ፍሬኑንም አትፍራ፣ ቀስ ብለህ ይዘኸው ውረድ።

ሐረጎ_ቁልቁል፦
በንፋሱ ከጎሚስታው ጋር ነኝ፤ ፍሬን ይዞ መውረዱን ግን አልቀበልም። 650 ሜትር ቁልቁለት ሙሉውን ከያዝከው ዲስኩም እሱን የሚይዘው የፍሬን ሸራም ይግላል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ቀጥታው ላይ ልቀቀው፣ ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ መልሰህ ልቀቅ። ሽታ ከመጣ ቁምና ራሱ ይቀዝቅዝ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ያጣምመዋል። ሸራው ከብረቱ ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ከቀረው ቀይር። የካቴና ዘይት ስትቀባ ደግሞ ዲስኩ ላይ አታድርስ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ አይመለስም፣ መጣል ነው።

ሳላይሽ_29፦
አመሰግናለሁ። የፊቱ ፍሬን እጀታ ትንሽ ይላላል። የመኪና ፍሬን ዘይት ብጨምርበት?

ሐረጎ_ቁልቁል፦
በጭራሽ! ሺማኖ የሚሠራው በሚነራል ዘይት ነው። የመኪናው ዶት 4 ጎሚኒዎቹን ያበላሻቸዋል፤ ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። የላላው አየር ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል በራሱ ዘይት አየሩ ይውጣ። እስከዚያው በዚያ ፍሬን ቁልቁለት አትሞክር።

ቧንቧ_ውሃ፦
አንድ የተረሳ ነገር፦ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የምትመለስ ከሆነ ሳይክሉን ጣሪያ ላይ ስታስጭን ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። የፊቱን ጎማ ከፈታህ በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን አስገባ። እጀታው በድንገት ከተጫነ ሸራዎቹ ይጠጋጉና ዲስኩ አይገባም፤ ደሴ መናኸሪያ ላይ በካቻቪቴ ስትፈለቅቅ ትመሻለህ።