ለከተማው የምናቀርበው የማበረታቻ ጥያቄ፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ የቤት ማህበራችን ለከተማው የሚያቀርበው ረቂቅ ሦስት ነገር ይጠይቃል። የግንባታ ዕቃ ከቀረጥና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ይሁን፣ መሬት በምደባ ይሰጠን፣ ባንክ ዝቅ ባለ ወለድ ያበድረን። እስከ ሐሙስ ማታ አስተያየታችሁን ጻፉ፤ ቅዳሜ ይፈረማል።

ሒሳብ ያዥ፦ የመጀመሪያው ይውጣ ባይ ነኝ። ከ100 ብር የግንባታ ወጪ 60ው ዕቃ ነው እንበል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ ስላለ፣ 60ን ለ115 አካፍለን በ15 ስናባዛ 7 ብር ከ80 ሳንቲም ግድም ይመጣል። ይህ ታክስ ሙሉ በሙሉ ቢነሳልን እንኳ 8 ብር አይሞላም። እሷም ለቤቱ ባለቤት መድረሷ ያጠራጥራል፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ገበያ ላይ ሲቸበቸብ ያላየ የለም። ይልቅ ታክሱን እንክፈልና ቤቱ ሲያልቅ በደረሰኝ ይመለስልን። ደረሰኝ ከሌለ ተመላሽ የለም፤ ይህን ገቢዎችም አይጠላውም።

መሐንዲስ፦ ልክ ነህ፣ ግን “ሲያልቅ” ማለት ምን ማለት ነው? ኮንዶሚኒየሞቹ ቀለም ተቀብተው፣ ዕጣ ወጥቶባቸው፣ ውሃና መብራት ሳይገባላቸው የቆዩበት ሳይት ብዙ ነው። ስለዚህ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ተተክሎ፣ ፍሳሹ ተያይዞ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ የወጣበት ቀን ተብሎ ይጻፍ።

ሥራው የሚቆምበትንም ቦታ እንወቅ። ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ደረጃ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግድም፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ ከ7 ከረጢት ትንሽ በላይ ሲሚንቶ ይበላል። ሲሚንቶ ሲጠፋ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይሞትም። የሚሞተው ፊኒሺንግ፣ ማለትም የማጠናቀቂያ ሥራው ላይ ነው፤ አሉሚኒየም፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ ሊፍት ሁሉም ዶላር ይጠብቃሉ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ቀድሞ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ተቋራጭ ትልቁ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነበር። ስለዚህ ማበረታቻው፣ ማለትም ተመላሹ ታክስ፣ 30 በመቶው ቤቱ ጣሪያ ሲለብስ፣ 70 በመቶው በርክክብ ይለቀቅ። ግማሽ በግማሽ ካልነው ተቋራጩ ስትራክቸሩን (የቤቱን አጽም) አቁሞ ወደ ሌላ ሳይት ይሻገራል። ከጂ+4ም (ከምድር ወለሉ በላይ ከአራት ፎቅ) አንለፍ። ሊፍት ካስገባን ጄኔሬተሩ ይከተላል፣ ከዚያ ነዋሪው የማይችለው ወርሃዊ መዋጮ።

ሒሳብ ያዥ፦ 70ው መጨረሻ ላይ ከሆነ እስከዚያ ማን ይሸፍነዋል? የአባላቱ ኪስ አይችልም።

መሐንዲስ፦ ከተማው የማበረታቻ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይስጥ፣ ባንኩም ደብዳቤውን በመያዣነት ይቀበል። ያለዚያ የእኔ 70 አይሠራም፣ አምናለሁ።

የሕግ አባል፦ መሬቱን እንደ አዲስ ውለታ አንለምን። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 መንግሥት ላጸደቀው የራስ አገዝ ቤት ግንባታ፣ ያለ ጨረታ፣ በምደባ መስጠትን አውቋል፤ አንቀጹን ጠቅሰን እንጀምር። እኔን የሚያሳስበኝ ዝግ ሂሳቡ፣ ማለትም ማህበሩ እንዳሻው የማያወጣው የባንክ ተቀማጭ ነው። በቅርብ ዓመታት የቤት ማህበራት መሬት ከመረከባቸው በፊት የግንባታውን ወጪ 70 በመቶ እንዲያስቀምጡ ተጠይቀዋል። ይህን ያህል የሚቆጥር ሰው ችግረኛ አይደለም። ችግረኛው እንደምንም ቢቆጥር እንኳ መሬት እስኪመጣ ብሩ ተቀምጦ ዋጋው ይወርዳል። 20 በመቶ ሲደራጁ፣ 20 መሬት ሲረከቡ፣ የቀረው በግንባታው ደረጃ ይሁን።

ጸሐፊ፦ “ተመጣጣኝ ዋጋ” የሚለውን በብር አንተርጉመው፤ ዛሬ የጻፍነው ጣሪያ በዓመቱ መሳቂያ ይሆናል። በቤቱ ስፋት እንበል፦ የተጣራ 60 ካሬ ሜትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ማበረታቻ የለም። ሽያጩስ? የ20/80 (20 በመቶ ቅድሚያ ተከፍሎ 80ው በባንክ ብድር የሚሸፈን) ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ተከልክሎ ባለዕድሉ አከራይቶት ሌላ ቦታ ሲኖር ዓይናችን እያየ ነው። ክልከላ ብቻውን አልያዘም። በ10 ዓመት ውስጥ የሸጠ የወሰደውን ማበረታቻ ይመልስ፤ በኖረበት በእያንዳንዱ ዓመት አንድ አሥረኛ ይቀነስለት።

የሕግ አባል፦ ጥሩ፣ ግን ዕዳው በካርታው ላይ ካልተመዘገበ በውክልና ይሸጣል። ውልና ማስረጃ የሚያየው ዕግድ ይሁን።

ጸሐፊ፦ እጨምረዋለሁ። የተጠቃሚዎች ዝርዝርም አስቀድሞ በወረዳ ሰሌዳ ይለጠፍ። በሐምሌ 2014 የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በመረጃው ላይ በተሠራ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዟል፤ ሁለተኛ እዚያ ውስጥ አንግባ።

ሰብሳቢ፦ ስለ ምድር ወለሉ ማንም አልጻፈም። ኮንዶሚኒየም ላይ ሱቆቹ በጨረታ ተሽጠው ቤቱን ይደጉሙ ነበር። የእኛን አከራይተን ለጥገና እናድርገው ወይስ እንሽጠው?

ሒሳብ ያዥ፦ ግማሹ ይሸጥ፤ ፊኒሺንግ ላይ ስንደርስ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገናል። ግማሹ ይከራይ፣ ገቢው ለጣሪያና ለፍሳሽ ጥገና ብቻ።

መሐንዲስ፦ ከመፈረማችን በፊት አንድ መስመር፦ መሬቱን የምንረከበው የውሃና የመብራት መሥሪያ ቤቶቹ መስመር የሚያደርሱበትን ቀን በጽሑፍ ከሰጡ ብቻ ነው።

ሰብሳቢ፦ ገብቷል። የወለዱ ጥያቄ ወደ መያዣው ደብዳቤ ተቀይሯል፤ ረቂቁን ዓርብ ጠዋት እልካለሁ።